ማሙሽ የሚሏት ሴት

ሰፈሩ ሁሉ «ማሙሽ» እያለ የሚጠራት የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ድራማ ውስጥ ወንድ ልጅ ሆና ተጫውታለች።

መጀመሪያ ላይ ግን አልሆነላትም ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሁኚ ሲሏት፣ ወንድ ነው ብላ ቀጭን ድምፅዋን አጎረነነችው። የድምፅ ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና፣ «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ሚስት አግብቷል እንዴ?» አላት። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

በማግስቱ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና የዕረፍት ሰዓቱን ጫጫታ አዳመጠች። ወንድ ነው ብላ ዓይኗን ስትገልጥ ሴት፤ ሴት ናት ስትል ወንድ። ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ በሁለቱም ወገን አለ። ሳምንት ስትመላለስ ግን ጆሮዋ እየለየ መጣ። እየሮጡ ሲጯጯሁ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ቆመው ሲያወሩ ግን ብዙውን ጊዜ ታውቃለች። ወንዶቹ ቃሉን ወርውረውት ያልፋሉ። ሴቶቹ መጨረሻውን ያለሰልሱታል፤ የሰሚውን ፊት አየት አድርገው ነው የሚቀጥሉት።

ስቱዲዮ ተመልሳ ድምፅዋን ሳትነካው፣ ቃሉን ብቻ ወረወረችው። ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ልጁ ተወለደ» አለ።

በዚህ ሥራ ልጆቿን አሳደገች። ሴቷ ስምንት፣ ወንዱ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው፣ የድራማው አዘጋጅ ለአንድ አጭር ክፍል እውነተኛ ልጆች ስለፈለገ ይዛቸው ሄደች። ሁለቱም በየተራ «በሩን ክፈቱልኝ» እያሉ ተቀረጹ። ቴክኒሻኑ መልሶ ሲያሰማት፣ እናታቸው ሆና ሳለች የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ጠፋባት።

ቀጥሎ አዘጋጁ ከጽሑፍ ውጪ እንደፈለጋችሁ አውሩ አላቸው። ወንዱ ስለ ኳስ ለፈለፈ። የእህቱ ድምፅ ግን አልሰማ አለ።

«ጮክ በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ ድምፅሽን ቀንሺ የምትዪኝ?»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። እሱን ግን አትዪውም።»

ቴክኒሻኑ የመቅረጫውን ቁልፎች ማየት ያዘ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹ መስኮቱን ተደግፈው ሲተኙ፣ የራሷን ቃል እያስታወሰች መጣች። «ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማሻል፤ ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም።» ከእናቷ ሰምታ፣ ሳታስበው ለልጇ ያወረሰችው ነው። አጥር ሥር ተቀምጣ የለየችው የአነጋገር ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን ገባት። ልጆቹ ይዘውት አልተወለዱም፤ በየቤቱ፣ እንደ እሷ ባለች እናት አፍ ነው የሚገባባቸው።

ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። «ቀስ...» ብላ ትጀምርና ምላሷን ትነክሳለች። ባሏ አንድ ቀን «ቤቱ እኮ ገበያ ሆነ» ቢላት፣ «ይሁን፤ ለሁለቱም ይሁን» አለችው። ልጅቷ መጀመሪያ አላመነቻትም። ጮክ ብላ አንድ ነገር ትናገርና የእናቷን ፊት ታያለች። ወር ያህል እንዲህ ከቆየች በኋላ ማየቱን ተወችው።

ወንዱ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ድምፁ ጎረነነ፤ ስልክ ሲያነሳ ደዋዮቹ አባቱ እየመሰላቸው «አቶ» ይሉት ጀመር። እህቱ ድምፅዋ እንደቀጠነ ነው፤ ክርክር ላይ ግን እሷን የሚያቋርጣት የለም። እናትየዋ አንዳንዴ ራሷን ያማታል። በሩን ዘግታ ትተኛለች እንጂ ዝም በይ አትላትም።