የጉርዴቭ ፀጉር

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመቶ መሪያችን ከድንኳኑ ወጣና «ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንንቀሳቀሳለን። ፈንጂ አምካኞቹን አጅበን መንገዱን እስከ ወንዙ እንከፍታለን» አለ።

እናንተ ልጆች ጦር ሜዳ ሲባል ተራራና መድፍ ነው የሚታያችሁ። እኛ የነበርንበት ተራራ የሚባል ነገር አልነበረውም። ጎረቤት አገር ለሰላም ማስከበር ተልከን፣ ጭቃው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ ነበር የሰፈርነው። የእንጅባራን ብርድና ጭጋግ ለለመደ ሰው ያ ሙቀት ራሱን የቻለ ጠላት ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች መንገዳቸው በፈንጂ ስለታጠረ እህል አይደርሳቸውም። የእኛ ሥራ እሱን መክፈት ነበር። ጀብዱ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተነሱና ሂዱ፤ እኔ ዘንድ የለም።

ፈንጂ አምካኞቹ ሕንዶች ነበሩ። አሥር ይሆናሉ። ፑንጃብ ከሚባል አገር የመጡ፣ ሲክ የሚባል እምነት ያላቸው ናቸው፤ ጢማቸውን አይላጩም፣ ፀጉራቸውን በጥምጣም ይጠቀልላሉ። ይግዛው መጀመሪያ ያያቸው ቀን «ቢተው፣ ቄሶች ላኩልን እንዴ?» አለኝ። ይግዛው የዳንግላ ልጅ ነው፣ የጋሪ ነጂ ልጅ፣ አፉ አያርፍም። ቢተው የተባልኩት እኔ ነኝ። የመቶው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ነበርኩ። ሦስት ወር ተምሬ አንድ ቦርሳ ስለተሸከምኩ «ዶክተር» እያሉ ያሾፉብኛል።

የሕንዶቹ አለቃ ሃምሳ አለቃ ጉርዴቭ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። ወታደር ነኝ ከማለቱ በፊት ገበሬ ነኝ ይላል። ሦስት ወር አብረን ስንኖር አገሩን አስጠናኝ ማለት ይቻላል። ፑንጃብ ማለት አምስት ወንዝ ማለት ነው ብሎ አምስቱንም በእንጨት መሬት ላይ ሣለልኝ። ቀጥሎ መሐሉ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። «እዚህ ላይ ለሁለት ከፈሉት» አለ። ቅኝ ገዢዎቹ ሲወጡ አገሩ ለሁለት መንግሥት ሲከፈል አያቱ ከመስመሩ ማዶ ነበሩ። እርሻቸውንና ጉድጓዳቸውን ጥለው በበሬ ጋሪ ተሻገሩ። አብረው ከተነሱት ወንድሞቻቸው ሁለቱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ይህን ሲነግረኝ እንጨቱን ጣለው።

እኔም የሰባት ቤት አገውን ነገር አጫወትኩት፣ የሰባት ወንድማማቾች ዘር መሆናችንን። «እናንተ ሰባት፣ እኛ አምስት። ታሸንፉናላችሁ» ብሎ ሳቀ። ሰፈራችሁ ስንት ትራክተር አለ ሲለኝ፣ ትራክተር የለንም፣ ፈረስ ነው ያለን አልኩት። ሰው ሲሞት ፈረስ አስጊጠን ለቅሶ እንደምናወጣም ነገርኩት። እነሱ ዘንድ ስንዴ የሚታጨደው በእኛ ሚያዝያ ነው፤ ያን ጊዜ ከበሮ እየተመታ ይጨፈራል። የሰናፍጩን ማሳ ሲያወራልኝ የዳንግላ ኑግ ሲያብብ ነበር የሚታየኝ።

እሑድ እሑድ ምስርና ቂጣ ሠርተው የመጣውን ሰው ሁሉ በረድፍ መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። ሻምበላችን እንኳ ከተራ ወታደር ጎን ቁጭ ብሎ በልቷል። «ቤተ መቅደሳችን ኩሽና አለው። ንጉሥም ቢመጣ መሬት ቁጭ ብሎ ነው የሚበላ» አለኝ ጉርዴቭ። ጾም ሲሆን ለእኛ ብቻ ያለ ቅቤ ለይተው ይሠሩልን ነበር። ይህን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አንድ እሑድ ጠዋት ፀጉሩን ታጥቦ ሲያበጥር ደረስንበት። ወገቡ ድረስ ይወርዳል። ይግዛው «ሃምሳ አለቃ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ጉርዴቭ አልተቀየመም። ከተወለደ ጀምሮ መቀስ እንዳልነካው ነገረን። ቀጥሎ አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየና ምንድነው አለኝ። ማተቤ ነው፣ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝ፣ አንገቴ ቢቆረጥ አልበጥሰውም አልኩት። ፀጉሩን በእጁ ሰብስቦ ከፍ አደረገና «የኔም ይኸው ነው» አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። የሰው ማተብ አይነካም።

እንግዲህ ወደ ጉዞው። ሁለት ቀን በሰላም ሄድን። እነሱ ከፊት መሬቱን እየፈተሹ፣ እኛ በግራና በቀኝ። ስድስት ፈንጂ አወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ገና ጎህ እየቀደደ፣ አንድ ትልቅ ኩይሳ አጠገብ ደረስን። የመጀመሪያው ተኩስ ወንዙ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ መጣ። እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላወቅንም። መሬት ያዝን። መልስ ሰጠን። በግራ በኩል ሁለት ሰው ወደቀብን። የመቶ መሪያችን «ወደ ኩይሳው!» አለ። ተሳብን። ሦስተኛው እዚያው ተመታ። አርፒጂ መጥቶ ኩይሳውን ናደው። አፈሩ ሲረግፍ ጉርዴቭ በጀርባው ተዘርሯል።

ጎትቼ ከለላ ውስጥ አስገባሁት። ጥምጣሙን ፈታሁት። ያ ሁሉ ፀጉር በደም ርሶ እጄ ላይ ተዘረገፈ። በጣቴ እየፈለግሁ ከግራ ጆሮው በላይ ቁስል አገኘሁ፤ ፍንጣሪ ነው። ጨምቄ አሰርኩት። ደሙ ግን አልቆመም። ከየት እንደሚመጣ አይታይም። ይግዛው ከጎኔ እየተኮሰ «መቀስ የለህም? ቁረጠውና እየው!» ብሎ ጮኸ።

መቀሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼም ይዤዋለሁ።

«ማተቡ ነው!» አልኩት።

«ቢተው፣ ሰውየው እየሞተ ነው!»

ይህን ጊዜ ጉርዴቭ እጁን ወደ ማጅራቱ አነሳ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ አፉ ግን ቃል አያወጣም። ፀጉሬን አትንካ ያለኝ መሰለኝ። እጁን ይዤ ደረቱ ላይ አስቀመጥኩና «አይዞህ፣ አልቆርጠውም» አልኩት። በአገውኛ እንደተናገርኩ ያወቅሁት በኋላ ነው። እንደገና አነሳው። እንደገና መለስኩት። ሦስተኛ አላነሳም።

ተኩሱ ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከቆመም በኋላ የጆሮውን ቁስል ብቻ እንደጨመቅሁ ቆየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጉርዴቭ ሞተ። ሄሊኮፕተሩ በሁለት ሰዓት ደረሰ።

ሰፈራችን ስንመለስ ጓደኞቹ አስከሬኑን አጠቡት። ሥርዓታቸው ነው። ፀጉሩን በውሃ እያለቀለቁ ሲከፍሉት አንዱ እጁን አቆመ። ማጅራቱ ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የማታክል ሌላ ቁስል ነበረች። ደሙ ሁሉ በእሷ ነው የሄደ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እጁን ሁለት ጊዜ ወዴት አንስቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ ግን አልወቀሱኝም። እንዲያውም አንደኛው መጥቶ፣ ፀጉሩን ሳትነካ ስለመለስክልን ብሎ እጄን ጨበጠ።

ይግዛው ዛሬ ዳንግላ ሱቅ አለው። በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዝምታው ከስድብ ይከብደኛል።

አምና ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ጥምጣም ያደረገ ሰው አየሁ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣ የግብርና መምህር ነው፣ ማንጂት ይባላል፣ የፑንጃብ ሰው። አፈላልጌ ቤቴ ጋበዝኩት። ስለ አገሩ ጠየቅሁት። አሁን የጉድጓዱ ውሃ በየዓመቱ ወደ ታች እየሸሸ እንደሆነ፣ ወጣቱ መሬቱን እየሸጠ ባሕር ማዶ እንደሚሄድ ነገረኝ። ጉርዴቭ ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። በመጨረሻ፣ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ሲል ሐኪም ፀጉሩን ቢቆርጥ በእናንተ ዘንድ ኃጢአት ነው ወይ አልኩት።

«ኧረ አይደለም!» አለ። «ለነፍስ ከሆነ ይፈቀዳል። ፀጉር ይበቅላል።»

ፊቴን አይቶ ምን ሆነዋል አለኝ። ነገርኩት፤ ወንዙን፣ ኩይሳውን፣ መቀሱን። የእጁንና የማጅራቱን ነገር ግን ዘለልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቀስ ብሎ «እሱ ራሱ አትቁረጥ ብሎዎት ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እንግዲያ ቃሉን ጠብቀውለታል። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተነስቶ አቀፈኝ። እኔም ታቀፍኩ። እንግዳ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ እውነቱን ነግሬው ምን አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለእናንተ ግን አልዋሽም። ስንት ሰው ሞተባችሁ ብላችሁ ነበር የጀመራችሁኝ። ከእኛ ሦስት፣ ከእነሱ አንድ፣ በጠቅላላ አራት ነው። ሦስቱን የገደለው ከደንገሉ ውስጥ የተኮሰው ሰው ነው። ጉርዴቭ ግን ቁስሉን ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ ነበር።