ጸበል የበዛበት ዛፍ

ክረምቱ ሲወጣ ፍኖተ ሰላም፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ፣ ችግኝ የሚሸጥ ጎረምሳ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከጽጌረዳዎቹ መሀል ግንዱ ከሥሩ እንደ እንስራ ያበጠ፣ አበባው ደማቅ ሮዝ የሆነ አጭር ዛፍ አየሁ። «እናቴ፣ ውሃ እንዳያበዙበት እንጂ ሌላ ችግር የለበትም» አለኝ። ይህን ከእሱ በፊት የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ አለኸኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አለኸኝ እንዲህ ያለውን ዛፍ ከዓባይ በረሃ ቋጥኝ ሥር ነቅሎ፣ ቤታችን ቡሬ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ፣ አፉ በተሰበረ ጋን ተከለልን። ድንጋዩ እግር በሚያቃጥልበት በዚያ አገር፣ ዝናብ ሲያገኝ ሆዱን ሞልቶ፣ በጋውን ቅጠሉን አራግፎ እንደሚያሳልፍ አጫወተኝ። «ሲረግፍ ሞተ ብለሽ እንዳታጠጭው፤ ተኝቶ ነው» ብሎም አስጠነቀቀኝ።

መስከረም ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ ወረደ። ኅዳር ሲገባ አንድ መንገደኛ አለኸኝን ወባ ክፉኛ እንደጣለው ነግሮን አለፈ፤ በዚያው ሰሞን ዛፉ ቅጠሉን ማርገፍ ጀመረ። እማየ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጋ ያዘችው። ጧት ጧት ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በጆግ እያመጣች፣ «በልጄ ፈንታ አንተ ጠጣልኝ፤ አይዞህ» እያለች ሥሩ ላይ ታፈስበት ጀመር። እኔ ወንድሜ ያለኝን አልረሳሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጸበል ይገድላል ብላ እንዴት ትናገራለች? ብናገር ኃጢአት፣ ዝም ብል ዛፉ ሊሞት፣ ዛፉ ከሞተ ደግሞ አለኸኝም ሊሞት። አንድ ቀን ብቻ «እማየ፣ ዛሬ ይቅርበት» ብዬ ጆጉን ያዝኩባት።

«አንች ደሞ፣ ለወንድምሽ ጸበል ትሰስቻለሽ?» አለችና አስለቀቀችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ግንዱን በጣቷ ብትነካው እንደ በሰበሰ ዱባ ሰረጎደ። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ እዚያው ተቀመጠች። ወንድሜን የገደለው የኔ ዝምታ መሰለኝ።

አለኸኝ ከቀናት በኋላ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ በፈረስ ጋሪ ላይ ተኝቶ መጣ። እማየ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ሮጣ ተጠመጠመችበት። ሲሻለው ባዶውን ጋን አየና «ማን ነው ያጠጣው?» አለ። እማየ መሬት መሬት ስታይ ጊዜ «እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቀብኝ። እማየ ስለዚያ ነገር እስክትሞት ትንፍሽ አላለችም፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የኔ ሆነች።

ችግኙን ገዝቼ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አስቀመጥኩት። አሁን ኅዳር ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ ተኝቷል፤ አላጠጣውም፤ ደኅና ነው። አለኸኝም እማየም የሉም። በዚህ ሰሞን እኔንም ሕመም ጥሎኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጧት ጧት በሩን ሳይ፣ ጆግ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።