ክዳኑን የከፈተው እጅ

ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «መርማሪዋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ መስፋት ነው። የመጣላትን ዶቃ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፣ ክሩን ሳብ ሳብ ታደርጋለች፣ «አዲስ ነው» ቢሏትም አታምንም። ለምን እንዲህ እንደምትሆን ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ታደርግ ነበር። አጠገቧ ያለው ካውያ እንፋሎት በለቀቀ ቁጥር መነጽሯ ጉም ይለብሳል፤ ጎንበስ ስትል ደግሞ ከአፍንጫዋ ይንሸራተታል። ሲሰለቻት ዓይን ላይ የሚለጠፈውን ኮንታክት ሌንስ ማድረግ ጀመረች። የመነጽር ቤቷ ባለሙያ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ በደንብ ሳታደርቅ እንዳትነካው፣ ማታ አውልቃ ማስቀመጫው ውስጥ በማጠቢያ ፈሳሽ እንድታሳድረው፣ ፈሳሹንም በየቀኑ እንድትቀይር ነገረቻት።

«ውሃ ግን በፍጹም» አለቻት። «የቧንቧም ቢሆን፣ የፈላም ቢሆን።»

መርማሪዋ ይህን ያለ ክርክር ተቀበለች። ጥርጣሬ ያለበት ምክር ድሮም ደስ ይላታል።

የምትኖረው ከባሏ፣ ከአማቷና ከባሏ እህት ጋር ነው። አማቷ ንጽሕና ሲበዛ የሚወዱ፣ ምራታቸውን «ልጄ» እንጂ በሌላ የማይጠሩ ሴት ናቸው። የባሏን እህት ደግሞ ቤተሰቡ «ሞዴሏ» ይላታል፤ እሷ መስተዋት ፊት ከቆመች መታጠቢያ ቤቱ ለሌላ ሰው አይደርስም። ሌንሱ ቤት በገባ ሰሞን፣ «እስቲ እኔም አንዴ ልሞክረው?» ብላ ነበር።

«ዓይን እንደ ቀሚስ ይዋዋሱታል እንዴ?» አለቻት መርማሪዋ።

ሞዴሏ ሳቀች። ሳቋ ግን መርማሪዋ ልብ ውስጥ ቀረ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግራ ዓይኗ መቅላት ጀመረ። ጠዋት ሌንሱን ስታደርገው ያቃጥላታል፤ ብርሃን ይወጋታል። አውልቃው ስትውል ሻል ይላታል፣ መልሳ ስታደርገው ይብስባታል። አንድ ቀን ደግሞ መታጠቢያ ቤት በሚያድረው ማስቀመጫ ላይ ክዳኖቹን ተለዋውጠው አገኘቻቸው፤ የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ።

«እሷ ናት» አለች ለባሏ። «ተደብቃ እያደረገችው ነው።»

«አንቺ ደግሞ! እህቴ ምን በወጣት?»

«ታዲያ ክዳኑ እግር አውጥቶ ሄደ?»

በዚያው ምሽት ክዳኑ ላይ ነጭ ክር አጋድማ ተኛች። ጠዋት ክሩን ወለሉ ላይ አገኘችው። ቁርስ ላይ አላስቻላትም።

«ሌንሴን እያደረግሽው ነው፣ አይደል?» አለች ሞዴሏን አፍጥጣ እያየች።

«እኔ? አድርጌው እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«የማን ዓይን ግንባር እንደሚሆን እናያለን።»

«ተዉ እናንተ ልጆች!» አሉ አማቷ፤ ወደ ምራታቸው ጠጋ ብለውም፣ «እኔን ልጄ፣ እንዴት ቀልቷል!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሞዴሏ ዳቦዋን ትታ ተነሣች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መርማሪዋ ነቅታ ጆሮዋን አቆመች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ ቧንቧ ተከፈተ። እጅ ከፍንጅ ልትይዛት በባዶ እግሯ ሄዳ በሩን በረገደችው።

አማቷ ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፈሳሹን ደፍተው፣ ሌንሶቹ ላይ የቧንቧ ውሃ እየሞሉ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አስደነገጥሽኝ እኮ ልጄ! ያደረ ውሃ ዓይንሽ ከሚገባ ብዬ በንጹሕ እየቀየርኩልሽ ነዋ። ዓይንሽ ከቀላ ወዲህማ አጥብቄ ነው የማጥበው።»

መርማሪዋ ሌንሱንም ማስቀመጫውንም ይዛ በጠዋቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ በዓይኗ ጥቁር ክፍል ላይ ቁስል አገኘች።

«ለመጠጥ ደህና የሆነ ውሃ ሁሉ ለሌንስ ደህና አይደለም» አለቻት። «ውሃ ውስጥ ያለ ጀርም ሌንሱ ሥር ገብቶ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ግን አንቺስ ዓይንሽ እየቀላ ለምን መልሰሽ ታደርጊዋለሽ? የቀላ ዕለት አውልቀሽ መምጣት ነበረብሽ።»

ለዚህኛው ጥፋት የምትጠረጥረው ሰው አጣች።

ሐኪሟ ያዘዘችው ጠብታ ቶሎ ቶሎ የሚደረግ ነበር። አማቷ ሊያደርጉላት ሞክረው እንባቸው ከጠብታው ቀደመ። ሞዴሏ ጠርሙሱን ተቀበለቻቸው። እሷና መርማሪዋ ከዚያ ቁርስ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ቀና በይ» አለቻት።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና። አድርቄያለሁም።» ሞዴሏ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። «እናቴን ለምን አልጠረጠርሻትም?»

«እሳቸው ይወዱኛላ።»

«እኔስ?»

መርማሪዋ ፊቷን ቀና አደረገች። ጠብታው ወረደ፤ አቃጠላት። ሞዴሏ ጉንጯ ላይ የፈሰሰውን በጥጥ ጠረገችላት።

ዓይኗ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዳነ፤ ጭጋግ የመሰለች ትንሽ ነጥብ ግን ቀረችበት። ለሞዴሏ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፏ የወጣው ያኔ ነው። ሞዴሏም ወዲያው አላመነቻትም።