አገር ቤት የማይቃጠል አምፕሊፋየር

ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ሁለት ዓመት ስኖር ከማዳም አፍ አብዝቼ የሰማሁት ስለ ሶኬት ነው። ቤቱ ሁለት ዓይነት መብራት ነበረው፤ ለኤሲው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ለትንንሹ ዕቃ መቶ አስር። ጁስ መፍጫውን ይዤ ወደ ግድግዳው በተጠጋሁ ቁጥር፣ «እሱ ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ አንቺ አህያ፣ ልታቃጥይው ነው?» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አንድም ቀን ግን መልሼላት አላውቅም።

ወረቀት የሌለው ሁሉ እየታፈሰ በሚባረርበት በዚያ ሰሞን፣ እኔ ውሌን ጨርሼ ልመለስ ስል፣ ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕሊፋየር ገዝቼ መግባት ፈለግኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በክበቡ ጊታር ነበር የተማርኩት፤ የራሴ ኖሮኝ አያውቅም። ብቻዬን መውጣት ስለማይፈቀድልኝ ማዳም አብራኝ መጣች።

ሻጩ እኔን አላናገረኝም። «ጊታር መጫወት ትችላለች እንዴ?» ብሎ እሷን ጠየቃት።

«ምን እንደምትችል እኔ ምን አውቄ» አለችው፤ ተሳሳቁ።

ጊታሩን እንደምንም ራሴ መረጥኩ፤ ጥቁር ነው፣ አንገቱ አልተጣመመም። አምፕሊፋየሩን ግን ማዳም ቀድማ መርጣልኛለች፤ ነጭ፣ የሚያምር። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። መቶ አስር ብቻ ይላል። የእኛ አገር መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው፤ ገብቼ የሰካሁት ቀን ይቃጠላል።

«ይሄ እኛ አገር አይሠራም» አልኩ። ጀርባውን እያሳየሁ ደገምኩት።

«ምን ትላለች?» አላት ሻጩ፣ እኔ በራሱ ቋንቋ በዓረብኛ እየተናገርኩት።

«መብራት መብራት ነው» አለች ማዳም። «ኸላስ፣ በቃ፤ ያላ እንሂድ፣ ሹፌሩ ቆሟል።»

መብራት መብራት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አህያ የተባልኩበት ነገር። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ፣ የፊት ጨርቁ የተቀደደ ትንሽ አምፕሊፋየር ነበር፤ ከጀርባው ለሁለቱም መብራት የሚሆን መቀየሪያ አለው። አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት፤ ነጩን ወደ ሻጩ ገፋሁት።

«ይሄን ሰክተህ አሰማኝ» አልኩት። አሰማኝ።

«ምላስ አበቀልሽ ደግሞ?» አለች ማዳም።

ቤት ስንገባ፣ «ድምፅ እንዳልሰማ» ስላለችኝ፣ ጓዳ ተቀምጬ አምፕሊፋየሩ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ። ጆሮዬ ላይ ላደርገው ስል ሳሎን ሆና ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እኔ ባልኖር የሚቃጠለውን ይዛ ልትሄድ ነበር። እነሱ ስለ መብራት ምን ያውቃሉ?»

ማዳመጫውን ነቀልኩት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ መታሁት።