ያባዛሁት የፈቃድ ቁልፍ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እያለፍኳት ኖሬአለሁ፤ «መጀመሪያ ሄደህ የሴትዮዋን ስም መልስ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበርና።

ደባርቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። የምንጽፍባቸው የቢሮ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ለትምህርት ቤቱ በተሰጠ አንድ የፈቃድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ማለቴ ነው። ኢንተርኔት ያላት አንዲት ኮምፒውተር በኔትወርክ ለተያያዙት ሁሉ ፈቃዱን ታወጣላቸዋለች። ነገር ግን በአንድ ቁልፍ ፈቃድ የሚያገኙት ኮምፒውተሮች ብዛት የተወሰነ ነው። ቁልፉ የተጻፈበት ወረቀት በሪከርድ ሠራተኛዋ በወይዘሮ ትርንጎ ካቢኔት ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ፈርሜ እመልሳለሁ።

አንድ ክረምት ከዳባት ለመጡ መምህራን ሥልጠና ሰጠሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጽፌ አባዛሁላቸው፤ በምሳሌው ቦታ ላይም እውነተኛውን ቁልፍ አስገባሁ። የውሸት ቁጥር መጻፍ አቅቶኝ ነበር? አልነበረም። ወረቀቴ የተሟላ እንዲሆን ፈልጌ ነው። እነሱም በየትምህርት ቤታቸው ልክ እንደ ወረቀቱ ሠሩ፤ ከእነሱ ደግሞ ሌሎች ቀዱ።

መስከረም ላይ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡልን። ቁልፉን ባስገባ እምቢ አለ፤ የተፈቀደለት ብዛት አልቋል። በየኮምፒውተሩ ፈቃድ የለውም የሚል ቀይ መስመር ወጣ። የስፖርት መምህሩ፣ ኮምፒውተሮቹ ፊታቸው የቀላው በእኛ አፍረው ነው ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያባዛሁት ወረቀት ትዝ ያለኝ እየሳቅሁ ነው።

ርእሰ መምህሩ እንደ አባቶቻችን በአውጫጭኝ እንየው አሉና ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሁሉም በተራ እየቆመ የሚያውቀውን በመሐላ ይናገራል። ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። አላየሁም፣ አልሰማሁም ብዬ ማልኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ቁልፉ እንዴት ሊወጣ እንደሚችል እንዳስረዳ ተጠየቅሁ፤ እኔም ጥርት አድርጌ አስረዳሁ። ወረቀቱን ያላየ ሰው ቁጥሩን ሊያውቅ እንደማይችል፣ ወረቀቱ ያለው አንድ ካቢኔት ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ እኔ ስወስድም ስመልስም እንደምፈርም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ምን ያስፈልጋል? ዓይን ሁሉ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞረ።

ከወንበራቸው ተነሥተው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስሰጥ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አላየሁም። ግን ሁልጊዜ አጠገብዎ አልነበርኩም» አልኳቸው።

በዚህ መልሴ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። የከፋውም ለዚህ ነው።

ስንት ዘመን የተማሪውን ሁሉ ውጤት ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ የያዙ ሴት፣ እምነት አጎደሉ ተብለው መካነ ብርሃን ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ካቢኔቱን ያስረከቡት ለእኔ ነው። የእያንዳንዱን መዝገብ ቦታ ቀስ ብለው እያሳዩ «አንተ ሥርዓት ታውቃለህ፤ በአንተ እጅ አይጠፋም» አሉኝ። እኔም ፈርሜ ተረከብኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? ወጣት ነበርኩ ልበል? ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው ልበል? እሳቸውስ ሥራ አልነበራቸውም? ቁልፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ። ጣቴን ሳልቀስር ያመለከትኳቸውም እኔው ነኝ።

ይህን ያነበባችሁ ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቅም። ስማቸውን ያጎደፍኩት በባልደረቦቻቸው ሁሉ ፊት ነው። እዚያው ፊት ቆሜ «እኔ ነበርኩ» ሳልል፣ ከማታውቋቸው ከእናንተ ምሕረት ብቀበል እሳቸውን ሁለተኛ መበደል ነው። እናንተ አትማሩኝ።