ወደ ውስጥ የተሰካ ሜዳሊያ

ሰርቦ ላይ፣ ገበሬው የኮታ በቆሎውን ለመንግሥት በሚያስረክብበት መጋዘን ደጅ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ያለ ወሩ የመጣ ዝናብ ያዘንና ሰልፈኛው ሁሉ ከጣራው ሥር ተጠጋጋ። አንድ ሽማግሌ ብቻ በቆሏቸውን ወደ ጥጉ አስጠግተው ራሳቸው ዝናቡ ላይ ቀሩ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ቆብ አጥፈው ደፍተዋል። የሚያናግራቸው ሰው የለም።

«አባባ፣ ቦታ አለ፤ ይጠጉ እንጂ!»

«ዲሲ፣ ልጄ፤ ተወው። እዚሁ ይሻለኛል።»

ጆንያውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲያነሱ ጃኬታቸው ተከፈተ። ከውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ ባለ ቀይ ሪባን ሜዳሊያ ተሰክቷል። እንዳየሁት አወቁ።

«የምስጉን ገበሬ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማዳበሪያ ውሰድ፣ አርአያ ሁን፣ ትርፉ ለራስህ ነው አሉኝ። ወሰድኩ። ወላሂ፣ በቆሎዬ ከቁመቴ በለጠ! በስብሰባ አጨበጨቡልኝ።»

«ታዲያ ለምን ደበቁት?»

ወደ ሰልፉ አዩ። «በዓመቱ የዚህን ሁሉ ሰው ኮታ በእኔ ማሳ ምርት ልክ ከፍ አድርገው ቆረጡት። ማዳበሪያ በዓይኑ ያላየውንም ጭምር። አሳልፎ የሰጠን እሱ ነው ይሉኛል።»

ያኔ መዛኙ ከበር ብቅ ብሎ በደስታ ተጣራ።

«ምስጉኑ ገበሬያችን የታሉ? እሳቸው ይቅደሙ!»

ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ጆንያውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ያልሰሙ መስለው፣ ዝናቡ ላይ ቆሙ።