ቅንጣት የጾመችው የነነዌ ጾም

የማር ቆርቆሮ ስከፍት እስከ ዛሬ ልቤ ድንግጥ ይላል። ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ወዳለችው ባለ አንድ ክፍል የእንስሳት ክሊኒኬ፣ አየር መንገድ የሚሠራ አንድ ግዙፍ ያገሬ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ሸሚዙ ውስጥ ከደረቱ ጋር ለጥፎ የያዘው ነገር መጀመሪያ የታመመ ሕፃን መስሎኝ ነበር። ሲያወጣው ቺዋዋ የሚባለው የድንክ ውሻ ዘር፣ ፀጉረ ረጅሙ ሆነ፤ ገና ቡችላ፣ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ አንገቱ የተልፈሰፈሰ፣ ዓይኑ የፈዘዘ። ሰውዬው ጠዋት ለሥራ ሲጣደፍ ሳያበላው እንደወጣ፣ ትናንት ማታም እህል እንዳልቀመሰ ሲነግረኝ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የደሙ ስኳር ወርዷል። ማሩን በጣቴ ጨለፍ አድርጌ ድዱን እያሸሁ በሌላው እጄ ጭንቅላቱን ደገፍኩት፤ አውራ ጣቴ አናቱ ላይ አጥንቱ ያልገጠመባትን ያቺን ለስላሳ ቦታ አገኘ። ማሩ ሸተተኝ። እጄ እዚያው ሥራውን እየሠራ እኔ ግን እዚሁ ጁባ፣ ያደግሁበት ሀይ ጀላባ ሰፈር ነበርኩ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ሆቴል ግቢ ውስጥ።

ሆቴል ስል ዐሥራ አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ጀኔሬተርና ግቢው መሐል የቆመ አንድ ማንጎ ማለቴ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ጁባ የመጣችው ፍራሽ ጭና ነበር፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ አንሶላ በማንጠፍ ስም አተረፈች። ደንበኞቿ፣ መሐንዲሶቹም የርዳታ ድርጅት ሠራተኞቹም፣ ስለ ምግቡ ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ በአንሶላው ላይ ግን አፉን የሚከፍት አልነበረም። ስለ ውሻ የነበራት አቋምም እንደ አንሶላው ጥርት ያለ ነው፤ ውሻ በር ላይ ያድራል፣ የተረፈ ይበላል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፣ ቤት አይገባም።

ቅንጣት የመጣችው በዚህ ሕግ ላይ ነው። ሰባተኛው ክፍል ውስጥ ለወራት የተቀመጠች አንዲት መሐንዲስ ሌላ አገር ስትመደብ ውሻዋን ይዛ መሳፈር አልቻለችምና፣ የምትወዳትን ውሻ ከነማበጠሪያዋና ከአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ጋር ለእኔ ሰጥታኝ እያለቀሰች ሄደች። ውሻዋ የሰባት ወር ነበረች፤ ወርቅማ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ፣ ጅራቷ እንደ ጭራ የተዘናፈለ። ዘበኛችን ላዶ፣ ከጁባ ወጣ ብላ ያለችው የረጃፍ ሰው፣ ቁመቱ ከበሩ የሚበልጥ የባሪ ጎሳ ተወላጅ፣ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ካስተዋላት በኋላ "ዴ ከልብ ወላ ፋር?" አለ፤ ውሻ ናት ወይስ አይጥ ማለቱ ነው። እናቴ በበኩሏ ከምስር መሐል የተለቀመች ነገር እንደምትመስል ተናግራ ቅንጣት አለቻት። ስሙን ያወጣችው ለማሾፍ ቢሆንም ጸና።

ወረቀቱን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለእናቴ በአማርኛ አነብላት ነበር። በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። አንገቷ ላይ አትታሰርም፣ የአየር ቧንቧዋ ደካማ ነው፤ ደረቷ ላይ ነው የምትታሰረው። ከአልጋ አትዘልም፣ የጉልበቷ ሎሚ ቦታውን ይስታል። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ፀጉር በየሁለት ቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል። ጥርሷ ቶሎ ስለሚበላሽ ይቦረሻል። እዚህ ላይ እናቴ የሽንኩርት ቢላዋዋን አስቀመጠች። "የውሻ ጥርስ ቦርሺ ተብዬ ነው ከደብረ ብርሃን የመጣሁት?" አለችኝ። እኔ እንደምቦርሽ ነገርኳት፣ ቦረሽኩም፤ ላዶም ይህን ለማየት በየማለዳው ወንበሩን ወደ እኛ ያዞር ነበር።

ጥፋቴ የመጣው ከወረቀቱ ሳይሆን ከራሴ ጭንቅላት ነው። የጁባ በጋ የቅንጣትን ፀጉር አደረቀው፤ ጫፉ እየተሰበረ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። የእኔ ፀጉር ሲደርቅ እናቴ ምን እንደምታደርግ ደግሞ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ በሄደችበት፣ ከአገር ቤት ከመጣላት ለጋ ቅቤ አንድ እፍኝ ወስጄ ቅንጣትን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ቀባኋት። አማረባት፣ አበራች። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቀለጠች፣ ጉንዳን ወረራት፣ ጉንዳኑን ለማራገፍ አቧራ ላይ ተንከባለለች፣ አቧራውን ለማራገፍ ደግሞ ሦስተኛው ክፍል በሩ ክፍት ነበርና ገብታ በተነጠፈው አንሶላ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተንከባለለች። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አንሶላውን በሁለት እጇ ዘርግታ እንደ ካርታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ላዶን ጠርታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅንጣትን ካርቶን ውስጥ አድርጎ ረጃፍ፣ እህቱ ዶሮ ወደምታረባበት ግቢ እንዲወስዳት አዘዘችው። ላዶ እያዘነ፣ እዚያ ጭልፊት ጫጩት ከመሬት እያነሳ እንደሚሄድ፣ ይህቺ ደግሞ ከጫጩት ብዙም እንደማትበልጥ ነገራት። እናቴ ቃሏን አላጠፈችም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሰኞ ስለሚገባው የነነዌ ጾም ሲያስተምሩን፣ ያቺ ከተማ ልትጠፋ ተፈርዶባት ሳለ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ፣ ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከብቱም በጉም ሣር ሳይቀምስ ጾሞ እንደዳነች ነገሩን። ሌሎቹ ልጆች ስለ ዓሣ አንበሪው ይጠይቁ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ከብቱንና በጉን ብቻ ነው። ለካ እንስሳ ከጾመ የተፈረደ ነገር ይነሳል። እኔና ቅንጣት ሦስቱን ቀን ከጾምን እግዚአብሔር የእናቴን ልብ ያራራልናል፣ ቅዳሜም ላዶ ካርቶኑን ባዶውን ይመልሳል። የእሑድን እራቷን ለድመት ሰጠሁባት። ሰኞ ጠዋት ሳህኗ አጠገብ ቁጭ ብላ በእግሯ ስትነካካኝ፣ ዓይኗን እንዳላይ ጀርባዬን አዙሬ ጸሎት ደገምኩ።

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ቤት ነበርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቅንጣት ከማንጎው ሥር ተነሥታ ወደ እኔ ስትመጣ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ሄደች፤ ከዚያ ወደቀች። አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ እግሯ ብቻውን ይራገጥ ጀመር። አንሥቼ ስሮጥ የተሸከምኩት የታጠበ ካልሲ ያህል እንኳ አይከብድም ነበር። እናቴ አንሶላ እየተኮሰች ነበር፤ "ጾማ ነው፣ እኔ ነኝ ያስጾምኳት" ብዬ በሚተኮሰው አንሶላ መሐል አስቀመጥኳት።

እጇን የዘረጋችው ከአንሶላው ልታስወግዳት ይመስለኛል። መዳፏ ግን የቅንጣት አናት ላይ ሲያርፍ ቀጥ አለች። በሁለት ጣቷ ደግማ ዳሰሰች። "እርግብግቢት አላት" አለች፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ። "ልጅ ናት እኮ። እርግብግቢቷ ገና አልገጠመም።" እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራለች፤ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ያየሁት የማር ቆርቆሮውን ክዳን በጥርሷ ስትከፍት፣ ጣቷን ነክራ ያንን ልትቦርሸው የተጸየፈችውን ጥርስና ድድ ስታሽ፣ እያሸች ማርያም ማርያም ስትል ነው። ላዶ ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆሟል። እግሯ መራገጡን አቆመ። ምላሷ ብቅ አለ፣ አንዴ ላሰ፣ ደግሞ ላሰ፤ ከዚያ ቅንጣት ቀና ብላ የእናቴን ጣት ነከሰች።

እናቴ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመስኩ ከንፈሬን አይታ ዐወቀች። ስድስት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ እሷ ደግሞ በጾም ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። "አንቺም ክፈቺ" አለችኝ። ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማር ጣፍጦኝ አያውቅም።

በዚያ የጾም ሳምንት እናቴ በገዛ እጇ እንቁላል እየቀቀለች በቀን አራት ጊዜ፣ ወረቀቱ እንዳለው፣ ትመግባት ነበር። ቅዳሜ ላዶ ካርቶኑን ይዞ በግዴታ እንደተላከ ሰው እየተጎተተ መጣ። "ኻላስ ላዶ" አለችው፣ ተወው ማለቷ ነው፤ "ሽንኩርት አድርግበት።" ላዶ ሽንኩርቱን እየዘፈነ ሲሞላ ሀይ ጀላባ በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ድል ነው። ደንበኞቻችን አንድ ክረምት አትዘልቅም እያሉ ይወራረዱባት ነበር፤ ሁሉንም አሳፈረቻቸው። የደረት ማሰሪያዋን ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ሱሪ ሰፋላት፤ ላዶ እናቴ አልጋ ሥር የጡብ ደረጃ ሠራላት፤ አልጋው የማን እንደሆነ ልብ ይሏል። አቧራ ሲያስላት እናቴ እርጥብ ፎጣ መስኮቱ ላይ ትሰቅል ነበር፤ ጥርሷን ደግሞ፣ ማንም አያየኝም ብላ በምታስብበት ሰዓት፣ በልብስ ጫፍ ትፈትግላት ነበር። በየፋሲካው ማለዳ እኔ አናት ላይ ቅቤ ካደረገች በኋላ በጣቷ ጫፍ የቀረችውን የቅንጣት እርግብግቢት ላይ ታኖራት ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አንዲት ጠብታ አልፈቀደችልኝም።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቡችላ አስነጠሰ፤ ራሱን ቀና አድርጎ ጣቴን ነከሰኝ። ግዙፉ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "እህቴ፣ አበቃለት ብዬ ነበር" አለኝ። የአንገቱን ማሰሪያ ፈታሁለት፤ ስለ አራቱ ምግብ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጥርሱ ስነግረው በስልኩ እየጻፈ፣ ይህን ሁሉ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ዲግሪ አየሁት፤ ከዚያ እናቴ ሆቴል ነው አልኩት።

ሆቴሉ ዛሬ ስልክና የፀሐይ ኃይል ዕቃ ይሸጥበታል፤ ማንጎው ተቆርጧል። ቅንጣት ረጃፍ መሄዷ አልቀረም፤ ግን በዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ጥርስ የሚባል ሳይኖራት፣ ዕድሜዋን ጠግባ፣ በነጭ አንሶላ ተጠቅልላ ነው፤ ያረጀው ላዶ ከቤቱ ኋላ ቀበራት። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ፋሲካ ሲመጣ አናቴ ላይ ቅቤ የሚያደርግልኝ ሰው የለም፤ ራሴ ለማድረግ ሞክሬ ነበር፣ እጄ አይደርስም አይባልም፣ ግን አይሆንም።

ሰውዬው ወጥቶ ሄደ፤ ያ ሙት የነበረ ቡችላ ውጭ ሰው በሚያመላልሰው ሞተር ብስክሌት፣ በቦዳ ቦዳው ላይ በሙሉ ሳንባው ሲጮህ እሰማለሁ። ዛሬ የነነዌ ሰኞ ነው፤ ስድስት ሰዓት ገና አልሞላም፣ እኔም ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ጣቴ ላይ የቀረውን ማር አየሁት፤ "አንቺም ክፈቺ" የሚለኝ ሰው ስላልነበረ እጄን ታጠብኩ።